በሸንበቆ ውሃ ስታዲየም ላይ ማን ይፍረድ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም አያቶቻችን ሳይሆኑ እኛው ራሳችን በኖርንበት ወቅት፣ ሸንበቆ ውሃ በምትባል ከተማ አንድ ያረጀ ስታዲየም ነበረ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ፤ መሃል ላይ እንዳትገቡብኝ። ፍርዱን ታመጡታላችሁ፣ እሱን ለእናንተው ነው የምተወው፤ ግን ታሪኩ ሲያልቅ ነው። ከዚህ በፊት ለሌሎች ሳወራ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ተነሥተው መጨቃጨቅ ጀምረው፣ ተኳርፈው የሄዱ አሉ። መጨረሻውን እስከ ዛሬ አያውቁትም።

ስታዲየሙን የሠራው የከተማው ሰው በደቦ ነው። ከወንዙ ድንጋይ ያላመላለሰ ቤተሰብ የለም። በምዕራብ በኩል ጣሪያ ያለው ትልቅ ባለ ደረጃ መቀመጫ አለው፣ እሱን ጥላ ፎቅ ይሉታል፤ በሌሎቹ ሦስት ጎኖች ሰው ፀሐይ እየመታው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አርባ ዓመት ሲያልፈው ጣሪያው ማፍሰስ፣ ግንቡ መሰንጠቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ተነታረከ። አንዱ ይፍረስ ይላል። አንዱ አይፈርስም፣ ለሌላ ሥራ ይዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ይጠገንና እንደ ድሮው ኳስ እንይበት ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ አንዱን ደስ ሲያሰኝ ሌላው እየከፋው፣ ነገሩን በይደር እያሳደረ ከረመ።

የሚገርመው፣ ሦስቱም ሐሳብ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ነበር። ወይዘሮ የሺእመቤት የሚባሉ የልምድ አዋላጅ አሉ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ድሮም አይዋደዱም፤ ሠርግ አይጠራሩም፣ ለቅሶም የሚደራረሱት በስንት ጉትጎታ ነው። የሁለቱንም ሰፈር ልጆች እትብት የቆረጡት ግን እኚሁ ሴት ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም በስታዲየሙ ምክንያት ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል።

ትልቋ እታፈራሁ ትባላለች። የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ናት። ጥላ ፎቁን የተሸከሙት ምሰሶዎች ላይ በጣት ልክ የተቆረጠ መስታወት በጀሶ ትለጥፋለች። ግንብ ከተንቀሳቀሰ መስታወት አይታገሥም፣ ይሰበራል። በየጠዋቱ መጥታ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ለአለቆቿ ታቀርባለች፤ አለቆቿም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ። ሰው ስሟን ትቶ «መስታወት ለጣፊዋ» ይላታል። ሟርተኛ የሚላትም ነበር። እሷ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፦ ሰው ሳይሞትበት ይፍረስ።

መካከለኛው ደምመላሽ አናጺ ነው። የሥራ ቦታው እዚያው ጥላ ፎቁ ሥር ነው። አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ጎረምሳ ካየ ጎትቶ መሮ ያስጨብጠዋል። «ይሄን የሚያክል ድንጋይ አባቶቻችን በጀርባቸው ያመጡት፣ በዓመት አሥር ቀን ኳስ ሊታይበት ነው?» ይላል። በዙሪያው ያለው ክፍል ሁሉ የእጅ ሥራ ቦታ ይሁን፣ ሜዳው ገበያ ይሁን፣ ቤት የሚያረጀው ሲዘጋ ነው ባይ ነው። የራሱም እንጀራ እዚያው መሆኑን አይክድም።

የመጨረሻው አንዳርጌ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሥራው ስለማይከበር ታላላቆቹ ያፍሩበት ነበር፤ ይህን እነሱም በኋላ በአፋቸው አምነዋል። ኳስ ነፍሱ ነው። «ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ጎን ለጎን ቁጭ የሚሉበት ሌላ ቦታ አሳዩኝ፤ ያኔ አፍርሱት» ይላል። ሞት ቀን ስለማይመርጥ፣ ጡሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ሳያንጠለጥል የትም አይሄድም፤ ኳስ ሊያይ ሲመጣም ቢሆን።

እንግዲህ በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሁለቱ ሰፈሮች የዓመቱን ግጥሚያ ገጠሙ። ጥላ ፎቁ ላይ ብቻ ሁለት ሺህ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ልጁን ታቅፎ የመጣ አለ፣ አሮጊት እናቱን ደግፎ ያወጣ አለ። ታች ሰፈር ሲያገባ ታች ሰፈር በእግሩ ወለሉን ይደበድባል፣ ላይ ሰፈር ሲያገባ ላይ ሰፈር ይዘላል። እድሜ ለኳስ፣ አንዱም አላረፈም።

እታፈራሁ ቀኑ የግጥሚያ ነው ብላ፣ ጠዋት ያየችውን ልትደግም መጣች። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ያለው መስታወት ለሁለት ተሰብሯል። ሌላ አውጥታ ለጠፈች፤ ጀሶው እስኪይዝ ቆማ ጠበቀች። ከላይ ሕዝቡ ሲዘል፣ አዲሱም መስታወት ዓይኗ እያየ ቀጭ አለ። ወደ ውድድሩ ኃላፊ ሄዳ ጨዋታው ይቁም ብትለው፣ «እባክሽ ዛሬ እንኳ ተይን» አላት። ጮክ ብላ ለሕዝቡ እንዳትናገር፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠባብ ደረጃ ሲጋፋ ድንጋዩ ሳይገድለው ሰው ሰውን ይጨርሰዋል። በመግቢያው በኩል ገና ብዙ መቶ ሰው ተሰልፎ ነበር። ቁልፉን ከኃላፊው እጅ መንጭቃ መግቢያውን ከረቸመችው፣ የመውጫውን ሰፊ በር ደግሞ ወለል አድርጋ ከፈተች። ከውጭ ስድብ ወረደባት፤ አንዱ በድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። ደሟን እየጠረገች ከወንድሟ ሥራ ቦታ ገባች። ዓመት ሙሉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ሦስተኛው ምሰሶ ሄደ» አለችው።

«ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«አላውቅም። ያዝልኝ።»

ደምመላሽ ሌላ አልጠየቃትም። አንዳርጌን በሥራ ቦታው በር ላይ አግኝቶ «ጥላ ፎቁ ሊናድ ነው፤ ሰውን ሳታስሮጥ አውጣ» ብሎት ተመልሶ ገባ። አሥራ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበረው፤ እያቆመ፣ ከሥሩ ሽብልቅ እየመታ፣ የሚንቋቋውን የሥራ ቦታውን ጣሪያ በግንድ ላይ አስደገፈ። ሽብልቁ ሲያልቅበት፣ ለሙሽሮች ሠርቶ ቫርኒሽ ቀብቶ ያስቀመጠውን አልጋ እግሩን ቆርጦ ሽብልቅ አደረገው። ዘጠነኛው ግንድ ላይ እንጨቱ ተንሸራቶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጨፈለቀበት። እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ አሥረኛውን አቆመ፣ አሥራ አንደኛውን አቆመ። ከራሱ በላይ የመጨረሻው ሰው ኮቴ እስኪጠፋ ድረስም ከዚያ አልወጣም።

አንዳርጌ ወደ ሜዳው መሃል ሄደ። ተጫዋቾቹ ሰክሯል ብለው ሊያባርሩት ሲሉ ጨርቁን ፈትቶ ጡሩምባውን ነፋ። በሸንበቆ ውሃ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ የሚሮጥ የለም። ሰው ባለበት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስሙን ይሰማል። ስሙን ሲሰማ ሽማግሌው ከፊት፣ ጎረምሳው ከኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደ ለቅሶው ይሄዳል። ለቅሶ የሚሄድ ሰው አይጋፋም፤ ከተጋፋ ነውር ነው። ግን የማንን ስም ይጥራ? የላይ ሰፈር ሰው ሞተ ቢል ታች ሰፈር ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም። የታች ሰፈሩን ቢል ላይ ሰፈር ጨዋታው ይቀጥል ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስነሣ ስም በከተማው አንድ ብቻ ነው።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ አንዳርጌ። «አዋላጃችን ወይዘሮ የሺእመቤት አርፈዋል። ላይ ሰፈርም፣ ታች ሰፈርም፣ ውጣ።»

ይህን ሲል እንባው ወረደ፤ ሰውም በእንባው አመነው። እናቱ ቤታቸው ደህና መሆናቸውን ያውቃል፣ ጠዋት አብሯቸው ቁርስ በልቷል። ሌላም የሚያውቀው ነገር ነበር። በእድሩ ደንብ፣ ያልሞተ ሰው ሞተ ብሎ ጡሩምባ የነፋ ከእድሩ ይሰረዛል። ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ ቤቱ ሐዘን ቢገባ ደጁን የሚረግጥ የለም። ደንቡን በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚያነበው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ሕዝቡ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፉ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አሮጊቶቹን እየደገፉ፣ ሕፃናቱን እየታቀፉ፣ አንድም ሰው ሳይገፋ በሰፊው በር ወጡ። ከበሩ ሲወጡ ለቅሶው ቀለጠ።

ወይዘሮ የሺእመቤት በበኩላቸው ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ ጡሩምባውን ሰምተዋል፤ ስሙን ግን ነፋስ ወስዶባቸዋል። እሳቸውን ደግሞ ለቅሶ በመድረስ የሚቀድማቸው የለም። ምስሩን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወጡና መታጠፊያው ላይ ከሕዝቡ ጋር ግጥም አሉ።

«ወይኔ ልጆቼ፣ ማነው የሞተው?» አሉ።

ከፊት ስታለቅስ የነበረችው ሴት አፏን ይዛ ቀረች። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ፣ «እማማ የሺ፣ እርስዎ ነዎት» አላቸው።

እዚህ ላይ መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔም በልቤ ስቄያለሁ። ሴትየዋ ግን አልሳቁም። «ማን ነው የነገራችሁ?» ሲሉ፣ «ልጅዎ» አሏቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አንዳንዱ በደስታ ያቅፋቸዋል፣ አንዳንዱ የአንዳርጌን አንገት ልነቅ ብሎ ይፈልገዋል። በዚህ መሃል ነው መሬቱ የተንቀጠቀጠው። ዞር ሲሉ ጥላ ፎቁ ከነጣሪያው፣ ከነደረጃው ቁልቁል ተናደ። አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። እያንዳንዱ የራሱን ልጅ ጨብጦ የተቀመጠበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገ፤ የተቀመጠበት ቦታ የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ነፍስ አልጠፋም።

አሁን ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የእድሩ ዳኛ አቶ ድልነሳው አራት የልጅ ልጆቹን ይዞ ነበር ጥላ ፎቁ ላይ የተቀመጠው። አራቱንም ሲቆጥር አራቱም አሉ። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተሳለ፦ «ከዚህ ሞት ያወጣን ሰው፣ በዚህ በቀረው ስታዲየም ላይ እሱ ያለው ይሁን። ይፍረስ ካለ ይፍረስ፣ ይቁም ካለ ይቁም፤ ቃሉ ቃላችን ነው።» ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም በአንድ አፍ ሦስት ጊዜ አሜን አሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹምም እዚያው ነበር፣ እሱም አሜን ብሏል። ሰው እንዲህ ነው፣ አስቀድሞ ይሳላል፣ ኋላ ይጠይቃል። ማን እንዳወጣቸው ሲጠይቁ፣ ከሦስት አቅጣጫ ሦስት ስም ተጠራ። አሜን የተባለ ስለት ደግሞ አይመለስም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሦስቱን ልጆች በእድሩ ድንኳን አቀረቧቸው።

እታፈራሁ ግንባሯ እንደታሰረ ቆመች። «እኔ ባላይ ኖሮ ደምመላሽ አልጋውን ሲቀባ፣ አንዳርጌ ኳሱን ሲያይ አብራችሁ ታልቁ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሟርተኛ አላችሁኝ። ያዳናችሁ አንድ ቀን ያየሁት አይምሰላችሁ፣ ስትስቁብኝ ሰባት መቶ ጠዋት ሄጄ ያየሁት ነው። የቀሩት ሦስት ጎኖች የተገነቡት በዚያው አሸዋና በዚያው እጅ ነው። ይፍረስ።»

ደምመላሽ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። «እህቴ ያየችው እውነት ነው» አለ። «ግን ማየት ጣሪያ አይዝም። ጡሩምባውም ሳይነፋ ጣሪያው ይወርድ ነበር። የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጣቶቼንም እዚያው ጥዬ ወጥቻለሁ። በእነዚህ ጣቶች ነበር ልጆቼን የማበላው። የቀሩትን ጎኖች በመዶሻ እየመታሁ ዞሬያለሁ፤ በእኔ ጆሮ ድንጋዩ ጤነኛ ነው። አታፍርሱት፣ ሥራ አስገቡበት።»

አንዳርጌ ቀና ብሎ አላየም። «እህቴም ወንድሜም ባይኖሩ እኔ ምንም አላውቅም ነበር» አለ። «ግን ሰውን ከዚያ ላይ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። እሷ ብትነግራችሁ አታምኗትም። እሱ ቢጮህ ትራገጡ ነበር። እናቴን በአፌ ገድዬ ነው ያወጣኋችሁ። ትናንት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተቃቅፋችሁ ስትወጡ አይቻለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ድጋሚ አብራችሁ የምትቀመጡበት ቦታ እንዲኖር ነው የምፈልገው። ጠግኑትና ይቁም።»

ነገሩ ከዚህ ወዲያ ባሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ፣ «አንዳርጌ በደንባችን ከእድር የተሰረዘ ነው፤ የተሰረዘ ሰው ስለት ይወርሳል ወይ?» አለ። ሌላው፣ «የተሰረዘው እኮ እኛን ለማዳን ነው» አለ። ሦስተኛው፣ «ታዲያ ደንቡን ዛሬ ብናጥፈው፣ ነገ አንዱ በጨዋታ እናቴ ሞተች ቢል ማን ያምነዋል? የጡሩምባው ቃል ካልታመነ፣ ለሌላ ቀን በምን እንወጣለን?» አለ። ይሄኛው እውነቱን ነው። አቶ ድልነሳው የልጅ ልጆቹን ያዳነለትን ሰው ስም በገዛ እጁ ከመዝገብ ሰረዘ፤ ሲሰርዝም እያለቀሰ ነበር። የስለቱን ነገር ግን ሳይቆርጥ ተወው።

አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ ለሦስት እንካፈለው አለ። ትንሽ አፍርሰን፣ ትንሽ ለውጠን፣ ትንሹን እንጠግን ማለቱ ነው። እታፈራሁ ወዲያው መለሰችለት፤ ጥላ ፎቁ ለብቻው የቆመ ነበር፣ ሦስቱ ጎኖች ግን አንዱ በአንዱ ላይ የተደገፉ ናቸው፣ አንዱ ከተነካ የቀሩት አይቆሙም። ደምመላሽና አንዳርጌም በዚህ አልተቃወሟት። ስለቱም ቢሆን ያወጣን ሰው ነው እንጂ ያወጡን ሰዎች አይልም። ስለዚህ እናንተም ኋላ እንካፈለው እንዳትሉኝ፣ መውጫውን ዘግቼባችኋለሁ።

በመጨረሻ ወደ እናትየው ሄዱ። ሦስቱንም የወለዱት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይፍረዱ አሏቸው።

ወይዘሮ የሺእመቤት ግን እሺ አላሉም። «ሦስቱንም አምጬ ነው የወለድኩ» አሉ። «የአንዷ ግንባር ተፈንክቷል፣ የአንዱ ጣት ሄዷል፣ አንዱ ቀባሪ የለውም። የቱ ይበልጣል ትሉኛላችሁ? ደግሞ እኔን ትናንት አልቅሳችሁልኛል። ሙት ሲፈርድ የት አያችሁ?»

ከዚያ አንዳርጌን ጠሩትና አጠገባቸው አስቀመጡት። «በሰው እናት አለመዋሸትህ ደስ ብሎኛል» አሉት። «ግን ልጄ፣ ያን ሁሉ ሰው ለእኔ ሲያለቅስ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፈርቻለሁ።» እጁን ይዘው አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እያዩ ወጡ።

ማዘጋጃ ቤቱ ከዚህ በላይ አልታገሠም። ክረምቱ ሳይገባ ሥራው መጀመር አለበት ብሎ ቀን ቆረጠ። ዛሬ በስታዲየሙ በር ላይ ትልቅ ቆፋሪ መኪና ቆሟል፤ አጠገቡ ሁለት መኪና ሙሉ ሲሚንቶና እንጨት ተራግፏል። ለማፍረስም፣ ለመለወጥም፣ ለመጠገንም ዝግጁ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ቃል ይጠብቃል። እታፈራሁ በስተቀኝ ቆማለች፣ ደምመላሽ በስተግራ፣ አንዳርጌ ትንሽ ራቅ ብሎ፤ ከተሰረዘ ወዲህ ከእድርተኛው ጋር አይቆምም። ሦስቱም ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ አንዱም ለአንዱ ልተውልህ አላለም። አቶ ድልነሳውም አራቱን የልጅ ልጆቹን ይዞ ከፊታቸው ቆሟል፤ ተናገር ይሉታል፣ አፉ አልፈታ ብሎታል።

እኔ የምለውን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሻችሁ ለእኔ ብላችሁ፣ ግማሻችሁ በእኔ እልህ ትፈርዳላችሁ። እናንተ ግን ያን እሑድ ከሦስተኛው ምሰሶ በላይ፣ ልጃችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ነበር እንበል። ልጃችሁ ዛሬ በሕይወት አለ። ያለው ምሰሶውን ባየችው ነው፣ ጣሪያውን በያዘው ወይስ ሕዝቡን ባስነሣው? በስታዲየሙ ላይ የመፍረድ ቃል ለማን ይገባል?